መርዶው እስኪነገር

ዲላ ለቡና እንጂ ለፒያኖ አልተፈጠረችም። ዝናቡ አንዴ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም፤ እንጨቱ ያብጣል፣ ብረቱ ይዝጋል፣ ምስጡም ያገኘውን ይበላል። እኔ የተማርኩበት ፒያኖ ምስጥ እንዳይወጣበት እግሮቹ ላምባ በተሞሉ ጣሳዎች ውስጥ ነበር የሚቆሙት። እርጥበቱ ሲብስ ከሥሩ አነስተኛ የከሰል ምድጃ ይገባለታል፣ ሆዱ እንዲደርቅ። እንዲያም ሆኖ በስተግራ በኩል አንድ ቁልፍ ነበረች፤ ዝናብ በገባ ቁጥር ድምፅዋን ዘግታ የምትከርም። ብትነካት ብትነካት እንደ አኮረፈች ሙሽራ ዝም ነው። እኔ እንግዲህ ጣቴን የፈታሁት በእንዲህ ያለው ፒያኖ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ደኅና ፒያኖ ሲያስነኩኝ ሁሉም ቁልፍ ሲጮህ ደንግጬ እጄን አነሳሁ።

ፒያኖው የአንድ ግሪክ ቡና ነጋዴ ነበር። ከአዲስ አበባ ያስመጣው ለሚስቱ ሲል ነው፤ ግማሹን መንገድ በካሚዮን፣ ጭቃው ሲብስ ደግሞ በሰው ትከሻ። ሚስቱን ማዳም ነበር የምንላት። ልጅ አልወለዱም። አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለነበር የነጋዴውን ውልና አቤቱታ የሚጽፍለት እሱ ነው፤ ሲሄድም እኔን ያስከትለኛል። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ማዳም ወንበሩ ላይ ትራስ ደራርባ አስቀመጠችኝና በዚያው ቀረሁ። እናቴ አልወደደችውም። የንስሐ አባታችን ቄስ ደግሞ ጭራሽ፣ የጨዋ ልጅ አዝማሪ ልታደርጋት ነው ወይ ብለው አባቴን ያዙት። አባቴ ሳቅ ብሎ፣ «አባ፣ የሚዘፍነው እኮ ጣቷ ነው፤ አፏ ጾሙን ይውላል» አላቸው። ቄሱም ሳቁና ነገሩ አለፈ። አባቴ እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

ጦርነቱ ሲቃረብ ማዳም ወደ አገሯ ሄደች። ባሏ ቡናውን ጥሎ መሄድ አልሆነለትም፤ ብቻውን ቀረ። ጣሊያን ዲላ ከገባ ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ጣሊያን ሐኪም ለክሊኒኩ ተመድቦ መጣ፣ ቫዮሊን ይዞ። ነጋዴው ቼሎ፣ ያንን ተቀምጠው ጉልበት መሀል የሚይዙትን ትልቅ ቫዮሊን፣ ይጫወት ነበር፤ ማዳም ከሄደች ወዲህ ግን ግድግዳ አስደግፎ ትቶት አቧራ ይጠጣል። ሁለቱ ተገናኙና ፒያኖ የሚነካ ሰው ጠፋ። እኔ ተጠራሁ። የጣሊያን ሕግ ነጭና ጥቁር አንድ ላይ እንዳይቀመጥ ይከለክል ነበር፤ ሐኪሙ የአውራጃውን የጣሊያን ሹም ምን ብሎ እንዳስፈቀደ አላውቅም። ብቻ በጓሮ በር እንድገባ፣ ሳይመሽ እንድወጣ ተባለ። እውነቱን ልናገርና፣ በየትም በር ያስገቡኝ ግድ አልነበረኝም። ፒያኖው ናፍቆኛል።

ለብቻ መጫወትና ሦስት ሆኖ መጫወት የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል። ሰው ብቻውን ሲሆን ቢሳሳት መልሶ ያነሳዋል፣ ሲያሻው ይሮጣል፣ ሲያሻው ይተኛል። ሦስት ሲሆን ግን የሚጠብቀው አለ። እጁን እያወዛወዘ የሚመራን ሰው አልነበረንም። ቫዮሊኑን የያዘው ሐኪም ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል፣ እኛም አብረን እንስባለን፣ ከዚያ እንገባለን፤ በቃ። ሐኪሙ መጀመሪያ ያስተማረኝ ይህንን ነው፤ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው «ዓይን አይደለም፣ ጆሮ» ይለኛል። ሁለተኛው ትምህርቱ ደግሞ፣ ከሦስቱ አንዱ መንገዱ ሲጠፋው ሌሎቹ ፊታቸውን ሳይለውጡ ይቀጥላሉ፣ እስኪመለስም ይሸፍኑታል የሚል ነበር። የሚያዳምጠው ሰው ምንም ማወቅ የለበትም።

የሁለቱ ክር የሚቃኘው በእኔ ፒያኖ ነው። ፒያኖው በእርጥበት ብዛት ድምፁ ወርዶ ስለነበር እነሱም አብረውኝ መውረድ ነበረባቸው። ሐኪሙ ጥርሱ እንደታመመ ሰው ፊቱን እያጨማደደ ክሩን ያላላል፤ ነጋዴው ደግሞ የዲላ ቅኝት ይህ ነው፣ ቻለው እያለ ይስቅበታል። ያቺ ድምፅ የዘጋች ቁልፍ ስትመጣም ነጋዴው በቼሎው ይሞላልኛል፤ እኔ ቁልፏን ለወጉ ነካ አደርጋታለሁ። እነዚያ ከሰዓት በኋላዎች ደስ ይሉኝ ነበር። ይህን ማለት ያሳፍረኛል፣ ግን ደስ ይሉኝ ነበር።

ከገና በኋላ አባቴን ያዙት። ጫካ ላሉት አርበኞች ደብዳቤ ይጽፋል ተብሎ ነው። ይጻፍ አይጻፍ እኔ አላውቅም፤ ግን ሰው ጻፍልኝ ሲለው እምቢ ማለት የማይችል ሰው ነበር። መጀመሪያ እዚሁ ዲላ ምሽጋቸው ውስጥ አስቀመጡት፤ እናቴ በየቀኑ በአገልግል ስንቅ ታደርስለታለች። አንድ ቀን አገልግሏን አንግታ ብትሄድ ይርጋዓለም ወስደውታል አሏት። እዚያው በር ላይ ቁጭ ብላ ቀረች፤ እኔ ነኝ ሄጄ ያነሳኋት። ደግነቱ የነጋዴው ካሚዮን በየሳምንቱ ቡና ጭኖ ወደዚያ ይሄድ ነበርና፣ ሾፌሩ ስንቁንና የታጠበ ልብሱን ያደርስልን ጀመር። አርብ ይዞ ይሄዳል፣ እሑድ ባዶውን አገልግል ይመልስልናል።

ዐቢይ ጾም ሲያዝ አንድ ጄኔራል በዳግማይ ትንሣኤ ዲላን ሊጎበኝ ይመጣል የሚል ወሬ ተሰማ። ሹሙ ለእንግዳው የሚያሳየው ነገር ሲፈልግ ሐኪሙ ስለ እኛ ነገረው። የአገሬው ልጅ ፒያኖ ስትነካ ማየት ጄኔራሉን ደስ ያሰኘዋል ተባለና ታዘዝን። ያን ዕለት ሐኪሙን ያዝኩት። አባቴ እንዲፈታ ለጄኔራሉ ካልነገርክልኝ አንዲት ጣት አላነሳም አልኩት። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ እንዲህ ያለ ንግግር እንደሚያስገርፍ እንኳ አላሰብኩም። ሐኪሙ ደኅና ከተጫወትሽ እነግረዋለሁ አለኝ። እኔም ቃል ነው ብዬ ያዝኩት።

ይህን ለእናቴ ስነግራት ጉልበቴ ላይ ወድቃ ጣቶቼን አንድ ባንድ ሳመቻቸው። ያቺ ፒያኖ ሲባል አፍንጫዋን የምትነፋ ሴት! ከዚያ ቀን ወዲያ ውኃ አላስቀዳችኝም፣ በርበሬ አላስደቀቀችኝም፣ ቢላ ያነሳሁ እንደሆነ ከእጄ ትነጥቀኛለች። ጣትሽን ጠብቂ ይሆናል ነገሯ ሁሉ። አባቴ የሚፈታው በእነዚህ ጣቶች ነው፤ እሷም እኔም እንዲያ አምነናል።

ልምምዱ በሳምንት አራት ቀን ሆነ። የምንጫወተው ሦስት ክፍል ያለው ነገር ነው፤ አንደኛውና ሦስተኛው ፈጣን፣ መካከለኛው ዝግ ያለ። ያን ዝግተኛውን ፒያኖ ብቻውን ይጀምረዋል፤ ሁለቱ የክር መምቻ ቀስታቸውን አንሥተው ይጠብቁኛል። ከሁሉ የፈራሁት እሱን ነበር። በሌላውማ ሦስት ነን፣ ያቺን መግቢያ ግን የሚሸፍንልኝ የለም። ቤት ስገባ መሶቡን ገልብጬ እላዩ ላይ በጣቴ እለማመዳለሁ፤ እናቴም እያየችኝ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ትጸልያለች።

ጾሙ ሲጋመስ የሰዉ ሁኔታ ተለወጠብኝ። ገበያ ላይ ቡላ የምትሸጥልን የጌዴኦ ሴት ሳልጠይቃት እፍኝ ሙሉ ጨመረችልኝና ፊቷን አዞረች። መንገድ ላይ ሳልፍ ወሬ ይቆማል። እኔ ደግሞ ቁጣዬ አፍንጫዬ ላይ ነው፤ ለጣሊያን ልትጫወት ነው ብለው ባንዳ አድርገውኛል አልኩ። አንድ ቀን ደሜ ፈልቶ፣ በር ላይ ቆመው ለሚያወሩ ጎረቤቶቻችን፣ እኔ የምጫወተው ላባቴ ነው፣ የፈለጋችሁትን በሉ ብያቸው አለፍኩ። አንደኛዋ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። እኔ የሳቀችብኝ መሰለኝ።

ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ዝግተኛውን ክፍል ጨርሰን ነበር። በየልምምዱ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ስለ አባቴ የሰማኸው ነገር አለ ወይ እለዋለሁ ሐኪሙን። ያን ቀንም ጠየቅሁት። ቫዮሊኑን ከአገጩ ሥር አወጣና ጉልበቱ ላይ አኖረው። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየ፣

«አባት ሞቷል» አለኝ። «ሦስት ሳምንት ሆነ። ወረቀት አየሁ። አዝናለሁ።»

ነጋዴው ብድግ ሲል ቼሎው ወለሉ ላይ ወደቀ። «እንዲህ አይነገርም» ብሎ ጮኸበት በአማርኛ፤ ከዚያ በጣሊያንኛ ደገመለት። ሐኪሙ ግራ ገብቶት ሁለታችንንም ያየናል። በእሱ አገር እውነት የያዘ ሰው ይናገራል፤ ሌላ ነገር አያውቅም። ነጋዴው ግን ሃያ ዓመት ከእኛ ጋር ኖሯል። እኛ ዘንድ ሞት እንደ ገበያ ወሬ እንደማይነገር፣ የሟች የቅርብ ዘመድ ተጠርቶ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ማለዳ ሰው ከቤት ሳይወጣ መርዶ እንደሚረዳ ያውቃል። ለካ እሱም ሰምቶ ኖሯል፤ ሾፌሩ የሱ ሾፌር አይደል? መርዶ ነጋሪ መሆን የኔ ድርሻ አይደለም ብሎ ዝም ብሏል።

ወረቀቱ ተስቦ ነው የገደለው ይላል አለኝ ሐኪሙ። በኋላ ከሾፌሩ እንደሰማነው ተስቦ አልነበረም፤ ከሌሎች እስረኞች ጋር አሰልፈው ረሽነውታል።

እኔ አላለቀስኩም። መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ እናቴ ነበረች። ከዓመታት በፊት የወንድሟን ሞት አንድ አፉን የማይዝ ሰው ገበያ መሀል ዘርግፎባት፣ እዚያው ወድቃ፣ ሦስት ወር አልጋ ላይ ከርማ ነው የተነሳችው። አሁን እኔ እያለቀስኩ ብገባ እገድላታለሁ አልኩ። ነጋዴው በእጁ ውኃ ይዞ ፊቴን አጠበኝ፤ እንደ ሕፃን። ወደ ቤት አትሂጂ፣ መጀመሪያ ወደ ቄሱ ሂጂ አለኝ።

ቄሱን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ አገኘኋቸው። እግራቸው ሥር ተንበርክኬ እንደ ኑዛዜ ነገርኳቸው። እሳቸው ቀድመው ሰምተዋል፤ አገሩ ሁሉ ሰምቷል። ያ የገበያዋ ሴት ቡላ፣ ያ የጎረቤቶቼ ዝምታ ምን እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝና መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። የሚጠበቀው አጎቴ ነው አሉኝ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ገደብ በሚባለው አገር ነው የሚኖረው፤ ያለ እሱ መርዶ አይነገርም። እሱ ደግሞ ከገደብ ለመውጣት የጣሊያን የይለፍ ወረቀት ያስፈልገዋል፣ ወረቀቱም ይኸው ዛሬ ነገ እየተባለ ነው። እስከዚያ ለእናትሽ ምንም እንዳትነግሪ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም አሉኝ። ታዲያ ለአባቴ ገዳዮች አልጫወትም፣ ከዛሬ ጀምሮ ትቻለሁ አልኳቸው።

«ብትተዪ እናትሽ ለምን ትልሻለች» አሉኝ። «ምን ትመልሺላታለሽ?»

ስለዚህ ቀጠልኩ።

እነዚያን ሦስት ሳምንታት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው እኔም አላውቀው። ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብዬ ዓይኔን በጨው አጥቤ ገባሁ። እናቴ አርብ አርብ በሶና ድርቆሽ አዘጋጅታ፣ ልብሱን አጥባ አጣጥፋ፣ አድርሺ ብላ ትሰጠኛለች። እኔም የሞተ ሰው ስንቅ ተሸክሜ እስከ ካሚዮኑ እሄዳለሁ። ሾፌሩ ይቀበለኛል። እሱ ያውቃል፣ እኔ አውቃለሁ፤ ዓይን ለዓይን ሳንተያይ ደኅና ግባ፣ ደኅና ዋይ ተባብለን እንለያያለን። ስንቁን ለሌሎች እስረኞች ነበር የሚሰጠው።

ከሁሉ የከበደኝ ግን መሐላዬ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ለትንሹም ለትልቁም አባቴ ይሙት ማለት ልማዴ ነበር፤ ምሳ በልቻለሁ አባቴ ይሙት፣ አልነካሁትም አባቴ ይሙት። እንዲህ የሚማለው ደግሞ በሕይወት በቆመ ሰው ነው። ድንገት ብተወው እናቴ ትጠረጥራለች ብዬ፣ አንድ ቀን ወጥ ስትጨምርልኝ በቃኝ አባቴ ይሙት አልኳት። ጭልፋው እጇ ላይ ቆመ። ከዚያ ሳቀችና ጨመረችልኝ። ያን ሰሞን ትስቅ ነበር፤ በፊት ከምትስቀውም በላይ። ምስኪን፣ ተስፋዋ ነው የሚያስቃት እል ነበር። ለፋሲካ ዶሮ ሠርታ ያባቴን ድርሻ አነሳችለት፤ የፈረሰኛውን ብልት። ይመጣል፣ ያን ጊዜ ሌላ ይሠራለታል አለችኝ። እኔም አዎ አልኳት።

የማለቅሰው ነጋዴው ቤት ብቻ ነበር። ልምምድ መሀል እንባዬ ይመጣል፤ ሁለቱ ቀስታቸውን አውርደው መሬት መሬት እያዩ እስክጨርስ ይጠብቁኛል። ማንም አይዞሽ አይለኝም። ስጨርስ አፍንጫዬን እጠርጋለሁ፣ ሐኪሙ ትንፋሹን ይስባል፣ ካቆምንበት እንቀጥላለን። አንድ ጊዜ ሐኪሙ፣ ታማለች ብዬ ላስቀርሽ እችላለሁ አለኝ። አይሆንም አልኩት። ታማለች የሚለው ወሬ ቤቴ ሲደርስ እናቴ የማትሮጥ መስሎት ነው?

የዳግማይ ትንሣኤው እሑድ ደረሰ። እናቴ ከማለዳ ጀምራ ጠጉሬን ሹሩባ ሠራችልኝ። ፊት ለፊቷ መሬት ላይ ተቀምጬ፣ ጭንቅላቴ ጉልበቶቿ መሀል ነው። ያለ ወትሮዋ ቀስ ብላ ነበር የምትጎነጉነው፤ አንድ ጊዜም ፈታችውና እንደገና ጀመረች። ከዚያ ራሷ የሰፋችውን ነጭ ቀሚስ አለበሰችኝ። አባቱ ለሞተ ልጅ ነጭ ቀሚስ። በር ላይ ስንደርስ ትከሻዬን ይዛ ልትናገር አፏን ከፈተችና ተወችው። እኔም ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ አጎቴ ገና አልመጣም ብዬ መለስኩት። ደኅና ተጫወቺ አለችኝ።

አዳራሹ በመኮንኖችና በሚስቶቻቸው ተሞልቷል። በጓሮ በር አስገቡኝ። ሹሙ ተነሥቶ ንግግር አደረገ፤ ነጋዴው በጆሮዬ እየተረጎመልኝ ነው። ይህችን ልጅ ሥልጣኔያችን አፈራት አለ። ማዳም አትሰማው! ፒያኖውን አጓጉዘው አምጥተውታል፤ ያቺ ቁልፍ ዘግታለች። ሐኪሙ ትንፋሹን ሳበ፣ ገባን።

እንዲያው ብሳሳት ምን ነበረበት። አልተሳሳትኩም። ያን ብቻዬን የምጀምረውን ዝግተኛ ክፍል እንደዚያ ቀን አድርጌ ተጫውቼው አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህም አልሆነልኝም። ጣቶቼ የአባቴን ለቅሶ ለነፍሰ ገዳዮቹ አለቀሱላቸው፣ እነሱም ወደዱት። አንዲት ሴት መሐረብ አወጣች። ስንጨርስ ቆመው አጨበጨቡ። ሁለቱ እጅ ሲነሡ እኔ ተቀምጬ እንድቀር ተነግሮኝ ነበር፤ ጄኔራሉ ግን ጠራኝ። ጉንጬን በጓንቱ መታ መታ አደረገና አንድ ጣሳ ከረሜላ ሰጠኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ። ማንም አላስገደደኝም፤ ሰው ሲሰጠኝ እጅ መንሣት ያስተማረኝ አባቴ ነው። ሐኪሙ አጠገቡ ቆሞ ነበር፤ ሊናገርልኝ የገባው ቃል ያለቀለት ጉዳይ ስለሆነ ቫዮሊኑን ወደ ሣጥኑ ይመልሳል።

እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ሐኪሙ ነገረው ወይ አለችኝ። ነግሮታል፣ እናያለን ብሏል አልኳት። እሰይ፣ እሰይ ልጄ አለች። ከረሜላውን አሳየኋት። አንዱን ፈትታ ለኔ አጎረሰችኝ፣ አንዱን እሷ ጎረሰች። ተቀምጠን ሁለታችንም እስከ መጨረሻው ጨረስነው። እስከ ዛሬ ከረሜላ አፌ አይገባም።

የአጎቴ የይለፍ ወረቀት በዚያው ሳምንት ተገኘ። ሐሙስ ማለዳ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ በራችን ተንኳኳ። አጎቴ ከፊት፣ ቄሱ ከጎኑ፣ ሽማግሌዎቹና ጎረቤቶቹ ከኋላ፤ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ሴቶቹ እንደ ደንቡ ሁለቱ ወደ እናቴ፣ ሁለቱ ወደ እኔ ተጠጉ፤ ሐዘንተኛ ራሱን እንዳይጎዳ የሚይዙት እነሱ ናቸው። አጎቴ ወንድሜ ብሎ ጀምሮ መጨረስ አቃተው። እኔ የያዙኝን ሴቶች ጥዬ እናቴን ልደግፍ ሮጥኩ፤ ስትወድቅ ልይዛት። እሷም ገፍታቸው ወደ እኔ እየሮጠች ነው። መሀል ቤት ተጋጨን። አይዞሽ አልኳት፤ አይዞሽ አለችኝ፤ አፋችን እኩል ነው። በዚህ መሀል ሻሿ ተፈትቶ ወደቀ።

ጠጉሯ የለም። ጥርግ ተደርጎ ተላጭቷል፤ የዛሬ ደግሞ አይደለም፣ ጥቂት ማቆጥቆጥ ጀምሯል። ሐዘንተኛ ጠጉሯን የምትላጨው መርዶ ከሰማች በኋላ ነው፤ ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። ስንት ሳምንት ሙሉ ስትተኛም እንኳ ሻሿን እንዳላወለቀች ልብ ሳልለው ኖሬያለሁ። ከዚያ አንዲት ሴት ኡኡ አለች፤ ቤቱም በለቅሶ ተናወጠ።

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ። እኔና እናቴ ያን ቀን የወጣልን ጥቂት ነው፤ የቀረው ተደብቆ አልቋል። የአባቴ አርባ እንኳ አልፎ ነበር።

በሠልስቱ፣ ለቀስተኛው ሲሳሳ፣ ፍራሹ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን መቼ አወቅሽ ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። እሷ ከእኔ ሁለት ቀን ቀድማ ነው ያወቀችው። ያን ሳምንት ሾፌሩን ወደ እስረኞቹ አላስጠጉትም ነበርና፣ እሑድ የተመለሰው አገልግል ማሰሪያው ሳይፈታ፣ ስንቁም ሳይነካ ነበር የመጣው። ሾፌሩን በመስቀል አስምላ አወጣጣችው፤ ለልጄ እንዳትተነፍስ ብላም አስማለችው። በማግስቱ ቄሱ ጋ ሄዳ ተናዘዘች፣ ጠጉሯን እዚያው ተላጨች። እሳቸውም አጎትየው እስኪመጣ ቻዪው አሏት። ማክሰኞ እኔ ስሄድ የእሷ ኑዛዜ ጆሯቸው ላይ ነበር ማለት ነው። በኋላ ሄጄ ተቆጣኋቸው፣ ሁለታችንም እንደምናውቅ እያወቁ እንዴት አላገናኙንም ብዬ። ልጄ፣ ሁለታችሁም በንስሐ ነገራችሁኝ፣ ምን ላድርግ አሉኝና አለቀሱ። ቄስ ናቸው፣ ምን ልበላቸው? ግን ለብዙ ዓመት መስቀላቸውን ስሳለም ከንፈሬን አላስነካም ነበር።

ያን ዕለት ፍራሹ ላይ እናቴን አንድ ነገር ጠየቅኋት፤ ሳታለቅሺ እንዴት አልብሰሽ ላክሽኝ አልኳት።

«ጠጉርሽን ስሠራ አልሄድም በይኝ እያልኩ በሆዴ እለምንሽ ነበር» አለችኝ። «አልሄድም ብትዪኝ ለካ አውቃለች ብዬ አቅፌሽ አለቅስ ነበር። ዝም ብለሽ ስትነሺ ጊዜ ግን፣ አላወቀችም፣ ትሂድ አልኩ። ለጥቂት ቀንም ቢሆን አባት ይኑራት ብዬ።»

እኔም የሄድኩት፣ ለጥቂት ቀን ባል ይኑራት ብዬ ነበር።